አረንጓዴ የለበሰ ጠጠር

ነሐሴ ሊወጣ ሲል ለሚ ከተማ ውስጥ ጠጠር የተደፋበት ግቢ ሁሉ አንድ መልክ ይይዛል። ከውጭ በር ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ መሐሉ እግር ስለሚመላለስበት ጥቁር እንደ ሆነ ይቆያል። ግራና ቀኙ ግን አረንጓዴ ለብሷል። ከቤቱ ጀርባ ወደ ማድ ቤት የሚታጠፈው፣ ፀሐይ የማያየው ክፍል ደግሞ ጠጠር መሆኑም ያጠራጥራል።

ጎንበስ ብሎ ላየው ሁለት ዓይነት ነገር ነው። አንደኛው ስስ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ የድንጋዩን ቅርጽ ይዟል፣ በጥፍር ሲፍቁት ጥፍር ሥር ይገባል። ሁለተኛው ወፈር ያለ፣ ዝልግልግ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ በጠጠሮቹ መካከል ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጠዋት ዝናብ ሲያገኘው ያብጣል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ብቅ ካለች ተጨማድዶ ወረቀት ያህል ይሳሳል። እርጥብ ሳለ የረገጠው ሰው እግሩ አይጸናለትም።

እንዲህ ባለ ግቢ አንዲት እናት በአንድ እጃቸው ቢጫ ጀሪካን ይዘው፣ በሌላው ግድግዳውን እየደገፉ ሲያልፉ የጎረቤት ልጅ ሮጦ ደረሰላቸው። «እማማ፣ ይስጡኝ! እዚህ ጋ እኮ ያዳልጣል።» ጀሪካኑን እያቀበሉት፣ «እኔስ ለምጄዋለሁ ልጄ፤ እንግዳ ሲመጣ ነው ጭንቄ» አሉት። ጠጠሩን ያስደፋላቸው አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው ነው፤ ከክረምቱ ድጥ ልገላግላቸው ብሎ። የመጀመሪያውን ክረምት በእርግጥ ገላገላቸው። በሁለተኛው አረንጓዴው መጣ። አሁን ደጃፉ ላይ አንድ ጠርሙስ በረኪና ቆሟል፤ ሙልጭ አድርጎ ይገድለዋል ተብለው የገዙት።

በረኪናው ይገድለዋል። ጠጠሩ ለጥቂት ቀን ይነጣል፣ ግቢው ሁሉ ይሸታል። ዝናቡ ካላቆመ ግን ከሳምንታት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ፣ እዚያው ቅርጽ ይዞ እንደገና ይበቅላል። ምክንያቱን ለማወቅ ከጠጠሩ በፊት ለሚ የተቀመጠችበትን መሬት ማየት ይሻላል።

ለሚ በሰሜን ሸዋ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሙከ ጡሪ ተነስቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድ ለሚን ካለፈ በኋላ ነው ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ የሚወርደው። ከተማዋ ያለችው በደጋው ሜዳ ጠርዝ ላይ ነው። ከጠርዙ ቁልቁል ሲያዩ ገደሉ በየደረጃው የተለያየ ድንጋይ ያሳያል። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ደጋውን የሸፈነው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ከሱ በታች ከዚያ እጅግ ቀድመው የተነጠፉ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ይታያሉ። በመስከረም 2017 የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ወደዚህ አገር የመጣው የኖራ ድንጋዩን ፈልጎ ነው።

ስለዚህ የአካባቢው ሰው ለግቢው መንገድ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ያገኛል። ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ሲደፋ ዓይን ይስባል፤ ለግቢ ያምራል ተብሎም ይመረጣል። ይሁንና በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውኃ ይይዛል፣ ገጹም ቶሎ ይሻክራል፤ ስለዚህ ከጥቁሩ ቀድሞ አረንጓዴ የሚያወጣው እሱ ነው። ድፍኑ ባዛልት ውኃ አይመጥም፣ ዝናቡ ባባራ ጊዜ ቶሎ ይደርቃል። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ያለ ጥርጥር ጥቁሩን ነው የማስደፋው። ግን ድንጋዩ የፈለገውን ያህል ቢመረጥ ከሥሩ ያለው መሬት አንድ ነው፤ መረሬ።

መረሬን የሚያውቅ ያውቀዋል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ዶማ አይበሳውም። ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ስንጥቁን ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዝናብ አላሳልፍም ይላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን መሬት የዚህ አፈር ነው፤ ከዚያም ከግማሽ በላዩ በደጋው ይገኛል። በዓመት አንድ ጊዜ ማበጥና መሰንጠቁ በላዩ የተደፋን ማንኛውንም ነገር ያንቀሳቅሰዋል። ሦስት ጣት ውፍረት ያለው ጠጠር በቀጥታ መረሬ ላይ ከተደፋ በሁለት ክረምት ግማሹ ይሰምጣል። ጠጠሩ ሲወርድ ጭቃው በመካከሉ ይወጣል። አረንጓዴው የሚበቅለው በዚህ ጭቃ ላይ ነው። ንጹሕ ጠጠር ላይ ብዙም አይቆይም፤ የሚይዘውም የሚበላውም የለውም።

ዋቅላሚ ወይም አልጌ የሚባለው ይህ ነገር ብርሃን፣ እርጥበትና ትንሽ ምግብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስሱ ዓይነት እውነተኛው አረንጓዴ ዋቅላሚ ነው፤ ብቻውን በዓይን የማይታይ ነጠላ ሕዋስ፣ በሚሊዮን ሲደራረብ ቀለም ሆኖ የሚታይ። ዝልግልጉ ብዙውን ጊዜ ኖስቶክ የሚባለው ወገን ነው። እሱ በትክክል ሲመደብ ከባክቴሪያ ነው፤ ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ የሚለው ስም የቆየ ልማድ ነው። የቢሾፍቱን አረንጓዴ ሐይቅ ያየ ሰው ዘመዱን አይቷል፤ ያ ሐይቅ ቀለሙን ያገኘው ስፒሩሊና እየተባለ ከሚጠራው ከዚሁ ወገን ነው። በምድር አየር ውስጥ ኦክስጅንን መጀመሪያ ያጠራቀሙትም የእነዚህ አያቶች ናቸው።

ኖስቶክን ለማጥፋት የሚነሳ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ይህ ፍጥረት በድርቀት አይሞትም። ዙሪያውን የከበበው ልጋግ ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ውኃ ይይዛል፤ ውኃው ሲጠፋ ደግሞ ሥራውን አቁሞ ይተኛል። ለዕፅዋት ጥናት ተብሎ ደርቆ ከ80 ዓመት በላይ የተቀመጠ ናሙና ውኃ ሲነካው እንደገና ማደጉ ተመዝግቧል። ከመስከረም እስከ ግንቦት ያለው የለሚ በጋ ለእሱ አጭር እንቅልፍ ነው። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታ በሰዓታት ውስጥ ያብጣል፤ ባለቤቱም ከየት መጣ ብሎ ይደነቃል። ከየትም አልመጣም፤ በጋውን ሙሉ ጥቁር ቅርፊት መስሎ እዚያው ነበር።

ሰውን በራሱ አይጎዳም፤ ተክልም አይገድልም። እንዲያውም ኖስቶክ ናይትሮጂንን ከአየር ወስዶ አፈርን ያዳብራል። ጉዳቱ አንድ ነው፤ ማዳለጡ። ያ አንድ ጉዳት ግን ቀላል አይደለም። ዳሌያቸውን ወይም የእጃቸውን አንጓ የሰበሩ አዛውንት ያሉበት ቤት ይህን ያውቀዋል።

ውኃው ከየት ነው?

ለሚ ውስጥ አረንጓዴው የት እንደሚበዛ ለማወቅ መሬት መሬት ማየት ሳይሆን ቀና ብሎ ጣሪያ ማየት ይበቃል። አሸንዳ ያልተገጠመለት የቆርቆሮ ቤት ጠፈጠፉ በሚያርፍበት መስመር ልክ፣ በቀጥታ የተሰመረ አረንጓዴ አለው። ስፋቱ ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው። ጠብታው እዚያው ቦታ ላይ እየደጋገመ ጠጠሩን ወደ ጎን ይገፋል፣ ከሥሩ ያለውን መረሬ ይቦረቡራል፣ ጭቃውን አንስቶ ግራና ቀኝ ይረጫል። ቀረብ ብሎ ላየው ግድግዳው ግርጌም እስከ ጉልበት ድረስ የጭቃ ነጠብጣብ አለበት፤ ዝቅ ያለው ክፍል እሱም አረንጓዴ ጀምሯል።

መጠኑን ለማስላት ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ስድስት በስምንት የሆነ ጣሪያ 48 ካሬ ሜትር ነው። በነሐሴ አንድ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ከጣለ ከዚያ ጣሪያ 960 ሊትር ይወርዳል፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 48 ማለት ነው። ቆርቆሮው በሁለት ወገን የሚያፈስ ከሆነ 24ቱ ጀሪካን በመንገዱ ላይ ይደፋል። በዚያ ላይ በበረኪና የሚዘምት ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። ያንኑ ገንዘብ ለአሸንዳና ለአንድ በርሜል ቢያውለው አረንጓዴውም ይቀንሳል፣ ከቧንቧ የሚቀዳውም ይቀልላል።

ሁለተኛው ምንጭ ማድ ቤት ነው። የዕቃና የልብስ እጣቢ ከደጃፍ የሚደፋበት ቦታ በበጋም ጭምር አረንጓዴ ይሆናል፤ በእጣቢው ውስጥ የምግብ ትርፍራፊና የሳሙና ቅሪት አለ፣ ሁለቱም ለዋቅላሚ ቀለብ ናቸው። ሦስተኛው ከብት ነው። ላሟ ከበረት ወጥታ በጠጠሩ ላይ ስታልፍ የምትጥለው እበት ቢዛቅም ፈሳሹ ወደ ጠጠሩ ይገባል። ከአውድማ የሚነፍሰው የጤፍ እብቅ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ በጫማ ተጣብቆ የሚመጣው መረሬ፣ እነዚህ ሁሉ በጠጠሩ መካከል ገብተው በስብሰው አፈር ይሆናሉ። ጠጠር ተደፍቶ የሚተው ነገር የሚመስለው ብዙ ነው። ባልተጠረገ በሦስተኛው ዓመቱ መንገዱ መደብ ሆኗል፤ መደብ ላይ ደግሞ የሆነ ነገር መብቀሉ አይቀርም።

እዚህ ላይ አመድን ሳላነሳ አላልፍም። ያዳለጠ ቦታ ላይ የምድጃ አመድ መበተን በየቤቱ ያለ ልማድ ነው፤ ለአንድ ቀን ይይዛል። አመድ ግን ፖታሲየምና ፎስፈረስ ያዘለ ማዳበሪያ ነው፤ ደቃቅ ስለሆነም የጠጠሩን ቀዳዳ ይደፍናል። በማግስቱ ለዋቅላሚው የሰጠነው ምግብ ሆኖ ይገኛል። አመዱ ለጎመኑ ይሁን።

እነዋሪ ያለው ዕውቀት

የመረሬን ውኃ ማሸነፍ ከውጭ የሚመጣ ጥበብ አይደለም። ከእንሳሮ ጎረቤት፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ እነዋሪ ዙሪያ ያለው ገበሬ ይህን ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። ማሳው ከታረሰ በኋላ ቤተሰቡ ወጥቶ፣ ሴቱም ልጁም ጭምር፣ አፈሩን በእጁ እየሰበሰበ ከፍ ያለ ሰፊ መደብ ይሠራል፤ በመደቦቹ መካከል ውኃ መውረጃ ቦይ ይተዋል። ስንዴው ከፍ ባለው ላይ ሥሩ ሳይታፈን ያድጋል፣ ትርፉ ውኃ በቦዩ ይወርዳል። በሌሎች የመረሬ አገሮች ገበሬው ዝናቡ እስኪያልቅ ጠብቆ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ በቀረው እርጥበት ሲዘራ፣ የእነዋሪ ሰው በክረምቱ መሐል ይዘራል።

በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ለአፍሪካ፣ ኢልካ የሚባለው፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የመረሬን ውኃ የማንጣፈፍ ምርምር ሲጀምር ይህን የእጅ ሥራ አጥንቶታል። ከዚያም ሁለት የአገር ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት፣ ሰፊ መደብና ቦይ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ መሣሪያ ተሠራ። ድካሙ በአብዛኛው የሴቶችና የሕፃናት ስለነበር ሥራውን ወደ በሬ ማዞሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ለሚ ውስጥ ግን ማሳውን እንዲህ በጥበብ የሚያንጣፍፈው ገበሬ ከተማ ገብቶ ቤት ሲሠራ መንገዱን ከግቢው መሬት ዝቅ አድርጎ ያነጥፋል። ለጠጠሩ ቦታ እንዲሆን ጥቂት ጣት ይቆፈራል፣ ጠጠሩ በጉድጓዱ ውስጥ ይደፋል። ሥሩ ውኃ የማያሳልፍ መረሬ፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ያለ አፈር፤ የግቢው ውኃ በሙሉ ወደዚያ ይሰበሰባል። የአንድ ሰው ስሕተት አይደለም፤ በየግቢው ያለ ነው። መንገዱ እንደ እነዋሪ መደብ ከፍ ቢል፣ መሐሉ ጀርባ ቢኖረው፣ ዳርና ዳሩ ቦይ ቢወጣለት አብዛኛው ችግር ያኔውኑ ያልቃል።

ቦዩ መውጫ እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ መውጫው ደግሞ የጎረቤት ግቢ መሆን የለበትም። የውኃ መውረጃ ጠብ ሽማግሌ ፊት የሚደርሰው በየክረምቱ ነው። ሁለት ጎረቤት አብረው አንድ ቦይ ቢያወጡ ወጪውም ይከፈላል፣ ጠቡም ይቀራል።

ስለ መድኃኒቶቹ

በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ከማንኛውም የበሰበሰ ነገር ጋር ሲገናኝ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል፤ ጭቃና ቅጠል በሞላው ጠጠር ላይ ሲደፋ አብዛኛው ዋቅላሚው ሥር ሳይደርስ ያልቃል። የቀረው ከላይ ያለውን ያነጣል። ትቶት የሚሄደው ጨው ሶዲየም አለበት፤ ሶዲየም ሲደጋገም የመረሬን ሸክላ ይበታትነዋል፣ የተበታተነ ሸክላ ደግሞ ውኃ ከቀድሞው ይበልጥ ይዘጋል። የገበታ ጨው መበተንም ያንኑ ያመጣል። ስለዚህ በረኪናና ጨው ዛሬ ለገደሉት ነገር ለሚመጣው ክረምት ቦታ ያዘጋጁለታል።

ከዚህ የሚብሰው አደጋ መቀላቀል ነው። በረኪና ከኮምጣጤ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል። ከብት በሸናበት ቦታ ላይ ሲደፋም ከአሞኒያው ጋር ሆኖ ዓይንና ጉሮሮ የሚፈጅ ጋዝ ያወጣል። ደጃፍ ላይ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ይህ የሚሞከር አይደለም። ዶሮዎቹም እዚያው ከሚቆመው ውኃ ነው የሚጠጡት።

ሰማያዊው ዱቄት፣ የመዳብ ሰልፌት፣ በሌላ አገር ለኩሬ ዋቅላሚ ይውላል፤ ለተክል በሽታም ይረጫል። ሰሜን ሸዋ ግን የበግ አገር ነው፤ የመንዝ በግ ስሙ ከዚህ ነው። ከቤት እንስሳት ሁሉ መዳብ ፈጥኖ የሚጎዳው በግን ነው። በጉ የላሰው መዳብ በጉበቱ ውስጥ ቀስ እያለ ይጠራቀማል፤ ምንም ሳያሳይ ከርሞ አንድ ቀን በድንገት ወደ ደሙ ይለቀቃል፣ ቀይ የደም ሕዋሳቱን ያፈርሳል፣ በጉ በቀናት ውስጥ ይሞታል። በረት ያለው ሰው ይህን ዱቄት ለጠጠር ብሎ ግቢው ማስገባት የለበትም።

ኮምጣጤ በኖራ ድንጋይ ላይ ድንጋዩን ይበላል፣ ለዋቅላሚው ግን ደካማ ነው። የፈላ ውኃ ይገድላል፣ መርዝም አይተውም፤ የማገዶውን ዋጋ ለሚያስብ ግን ለአንድ ሁለት የደረጃ ድንጋይ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። በኃይል ውኃ የሚተፋ ማጠቢያ ያለው ሰውም በጠጠር ላይ አይጠቀምበት፤ ከላይ ያለውን ጭቃ ወደ ታች ይነዳዋል፣ ጠጠሩንም ይበትነዋል።

ሲሚንቶ ቅርብ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚያስበው ለምን ሁሉንም በኮንክሪት አልደፍነውም ብሎ ነው። ጥላ ያለበት ኮንክሪትም አረንጓዴ ያወጣል፤ ለስላሳ ስለሆነ ደግሞ ከጠጠሩ የባሰ ያዳልጣል። ውኃውም መግቢያ ስለሚያጣ ወደ ቤቱ መሠረት ወይም ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ድንጋይን ሸፍኖ እርጥበትን መከላከል እንደማይሳካ በላሊበላ ታይቷል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ሬንጅና ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ኢጣሊያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው የጥገና ቡድን ያንን ልባስ በማንሳት ነው ሥራውን የጀመረው። ዓለት በታሸገ ቁጥር ውኃው ከኋላው ይቆያል፤ ጉዳዩ የውኃው መሄጃ ነው።

ሥራው

ዝናቡ እያለ የሚሠራው ትንሽ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እርጥቡን ዋቅላሚ መፋቅ ይበታትነዋል እንጂ አያጠፋውም። በነዚህ ወራት የሚረባው ጠጠሩን ማገላበጥ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ባባራበት ሰዓት፣ ጥርስ ባለው የአትክልት መሰብሰቢያ ወይም እሱ ከሌለ በመንሽ። አረንጓዴው ፊት ወደ ታች ሲዞር ብርሃን ያጣል፣ ይደክማል። የሚመላለሱበት መሐል ጥቁር ሆኖ የሚቆየውም ለዚሁ ነው፤ እግር ስለሚያገላብጠው። ማድ ቤት ደጃፍ ላይ ግን እስከዚያው ድረስ ሻካራ ጠፍጣፋ ድንጋዮች እግር በሚያርፍበት ልክ ማስቀመጥ የሰው አጥንት ያድናል።

ነሐሴ ውስጥ ሌላ የሚሠራ ነገር አለ፤ ማየት። ዶፍ በሚጥልበት ሰዓት ጃንጥላ ይዞ ወጥቶ ውኃው ከየት ተነስቶ የት እንደሚቆም መመልከት። በጋ ላይ መሐንዲስ ቢጠራም ያንን አያሳይም። ውኃው የቆመበት ቦታ ላይ ችካል ይተከል፤ ኋላ የሚቆፈረው እዚያ ነው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ዋቅላሚው ይደርቃል፣ ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ ከድንጋዩ ይላቀቃል። የመጥረግ ጊዜው ይህ ነው፤ ሳይረገጥና ሳይደቅ። በጠንካራ መጥረጊያ ተሰብስቦ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ቢገባ ለጓሮ አትክልት ይጠቅማል። ጥቂት ሳምንት ከዘገየ እግር ይፈጨዋል፣ ዱቄቱም ወደ ጠጠሩ ሥር ወርዶ የሚመጣውን ሰኔ ይጠብቃል።

የሰመጠ መንገድ ግን በመጥረግ አይድንም። ጠጠሩ በአካፋ ይነሳል፣ በሽቦ ወንፊት ይነፋል። ከወንፊቱ በታች የሚቀረው ጥቁር አፈር ለጓሮ ምርጥ ነው። በላይ የቀረው ጠጠር ታጥቦ ይመለሳል፤ አዲስ መግዛት የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ከመመለሱ በፊት መረሬው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል፣ ትልልቅ ድንጋይና ገረጋንቲ ይገባበታል፣ ከግቢው መሬት ከፍ እስኪል ይጠቀጠቃል። መሐሉ ከዳሩ በእያንዳንዱ ሜትር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በላዩ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ዜሮ ሁለት የሚባለው ጠጠር ይበቃዋል። ዜሮ ዜሮ የሚባለውን የክሬሸር ዱቄት ጠጠሩን ያሲይዛል ብሎ በላዩ መበተን አረንጓዴውን መጋበዝ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከዚህ ይለያል። እዚያ ጥላ የሚጥለው አገር በቀል ጽድና ወይራ ነው፤ በብዙ የሰሜን ሸዋ አካባቢ እነዚህ ዛፎች የቀሩት በቅጥሩ ውስጥ ብቻ ነው። ለጠጠር ሲባል አንድም ቅርንጫፍ ሊቆረጥ አይገባም እላለሁ። ግን ፍልሰታ የሚጾመው ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ መንገዱ በጣም በሚያዳልጥበት ወቅት ነው፤ አዛውንትና ሕፃናት በብዛት ለቅዳሴ የሚመላለሱትም ያኔ ነው፤ ጫማቸውን ያወለቁም አሉ። ስለዚህ ከቅጥሩ በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው አንድ መስመር ብቻ ተመርጦ፣ ሻካራ ድንጋይ ተነጥፎለት፣ ከፍልሰታ በፊት በሽቦ ብሩሽ ቢፈተግ ይበቃል። ግድግዳው ላይ፣ የድሮ መቃብር ድንጋዮች ላይና ከዛፍ ሥር ያለው አረንጓዴና የድንጋይ ሽበት ማንንም አያንሸራትትም፤ እሱ ይቆይ።

አንኮበር ላይ ላሉ ከመስቀል በኋላ መጥረግ የሚለው የወር ቀጠሮ አይሠራም። ያ ቦታ የምሥራቁ ገደል ጫፍ ስለሆነ ከቆላው የሚወጣው ጭጋግ በበጋም ያረጥበዋል፤ ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ የሚደርቅበትን ቀን እየጠበቁ በዚያ ቀን መጥረግ ነው ያለው።

ለሚና አካባቢዋ ግን ጊዜው የታወቀ ነው። መረሬ በመስከረም ገና ያጣብቃል፣ በጥር ድንጋይ ይሆናል። ለዶማ የሚመቸው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ወሩ የአጨዳ ወር ስለሆነ የቀን ሠራተኛ ይወደዳል፤ ቢሆንም አዲስ አበባ ያላችሁ ልጆች ለእናታችሁ ግቢ ጠጠር የምትልኩ ከሆነ በኅዳር ላኩ፤ ከጠጠሩ በፊትም ለአሸንዳውና ለቦዩ ክፈሉ።